ፏፏቴው የተከፈተ ዕለት

ጋሼ ምላጭ ማለዳ ፊታቸውን ሊታጠቡ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ ሲያደርጉ፣ ልጃቸው ሲሚንቶው ወለል ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ጆሮዋን ከቧንቧው ጋር አጣብቃ አገኟት። ሌላ አባት ቢሆን «ኧረ ልጄን ምን ነካብኝ!» ብሎ ጎረቤት በጠራ ነበር። እሳቸው ለምደውታል። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሽሽ... አባዬ፣ አንዴ አትንቀሳቀስ» ስትላቸው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ፣ አንድ እግራቸው ከደፉ ወዲህ፣ አንዱ ከደፉ ወዲያ እንደሆነ ቀጥ ብለው ቆሙላት። ጥቂት አዳምጣ ተነሣችና ጉልበቷን አራገፈች። «የሚያፈሰው ከኛ አይደለም፤ ከጎረቤት ነው» አለች። ወትሮ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ዓይኗ ይበራ ነበር፤ የዛሬው አነጋገሯ ግን የደከመው ሰው ነው።

ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ከሚኖሩባቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤቶች አንዱ ነው። ልጅቱ የግቢው ውሃ ክፍል ኃላፊ ናት። ሰው ሥራውን ቢሮ ጥሎ ይመጣል፤ እሷ ግን ይዛው ነው የምትገባው። የፊት መታጠቢያው ውስጥ ሁልጊዜ ሳፋ አለ፤ ፊት የታጠቡበት ውሃ ወለል ይጠረግበታል፣ ወለል የተጠረገበት ከበሩ አጠገብ ያለችውን የሎሚ ዛፍ ያጠጣል። የመጸዳጃው ውሃ መያዣ ውስጥ በአሸዋ የተሞላ ጠርሙስ ቁጭ ብሏል፤ እሱ ቦታ ስለያዘ በየጊዜው የሚለቀቀው ውሃ ያንሳል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ጋር ለመኖር የመጡ ሰሞን አዛውንቱ በዚህ ሁሉ ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እኛ ቤት ውሃ ሦስት ቦታ ሳያገለግል ጡረታ አይወጣም» ይላሉ።

ሻይ አፍልተው፣ ዳቦ ቆርሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ስኒውን ወደ ጎን ገፋችው። ከሰሞኑ እንዲህ ናት። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ በመሀል ግን ዝምታዋ ቤቱን ይሞላዋል። እሳቸውም የምረቃ ሰሞን ጣጣ ነው ብለው ብዙ አልነዘነዟትም።

«ምን ሆነሻል እናቴ?»

«ምንም። ከተማ ስብሰባ ሂጂ ብለውኛል።»

«በምረቃው ዋዜማ? የግቢው ውሃ ባለቤት አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔንም ገርሞኛል» አለችና ጫማዋን አድርጋ፣ እንደ ልጅነቷ ጉንጫቸውን ስማቸው ወጣች። አዛውንቱ የተረፈውን ሻይ እያዩ ተቀመጡ። እሷ ቤት ሻይም ቢሆን አይደፋም፤ ጨለጡት።

ፀጉር ቤታቸው ከላይኛው የሴቶች ዶርም ሥር ናት፤ ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል። አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ለተረኛ የሚሆን አግዳሚ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ አጠገቡ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ። በሩ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ዋናው ሕንጻ፣ ከፊቱም የደረቀው የፏፏቴ ገንዳ ወለል ብሎ ይታያል። አባቷ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ግድግዳ ሲቆጥሩ አንጀቷን ቢበሏት ለምና ያገኘችላቸው ክፍል ናት። ማሽን ቢኖራቸውም መቀስና ምላጭ ስለሚወዱ ተማሪዎቹ «ጋሼ ምላጭ» አሏቸው። እሳቸውም ስሙን ወደዱት። የልጃቸውን የቅጽል ስም ግን አልወደዱላትም። ግቢው በሙሉ «እትዬ ዝጉት» ነው የሚላት።

የዚያን ዕለት አግዳሚው ላይ መርፌ መጣያ ቦታ አልነበረም። ነገ ጋውን የሚለብስ ሁሉ ዛሬ ራሱን ይዞ መጥቷል። ወሬው እንደተለመደው ከእግር ኳስ ጀምሮ በእትዬ ዝጉት በኩል አለፈ። አንዱ ቀጭን ልጅ «ያ እሷ ያስገጠመችው፣ ካልተጫኑት የማይፈስ ቧንቧ እኮ!» አለ። «አንድ እጄ ቧንቧውን ይጫናል፣ አንድ እጄ ውሃውን ይቀበላል፤ ፊቴን የሚያሸው ሦስተኛ እጅ ከየት ይምጣ?» «ጓደኛ ይዘህ ግባ» አለው ሌላው። «ጓደኛዬም እኮ ፊቱን አልታጠበም!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወንበሩ ላይ የነበረው የኢኮኖሚክስ መምህር ደግሞ የራሱ ቂም ነበረው። መኪናውን ግቢው ከሚጠጣበት የውሃ ጉድጓድ በላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ማሳጠብ ይወድ ነበር፤ እትዬ ዝጉት መጣችና ዙሪያውን አጠረችው። «ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹ዶክተር፣ ዛሬ ከጎማዎ የወረደውን ነገ በብርጭቆ ያገኙታል› አለችኝ! በሰው ፊት!» ጋራዡም የተቃጠለ ዘይቱን ከዚያ ሰፈር ይዞ እንዲሄድ ያደረገችው እሷ ናት፤ ሹፌሮቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሏትም።

ጋሼ ምላጭ አብረው ፈገግ እያሉ መቀሳቸውን ያንሿሿሉ። አባቷ መሆናቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ወሬው ሲጥመው ይረሳዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአባት ጆሮ ግን ባዳ ሆኖ አያውቅም፣ አንዷም ቃል ሳትቀር ገብታ አንጀት ላይ ነው የምታርፈው። ያም ሆኖ ሥራውን ያስተማራቸው ሰው ገና በወጣትነታቸው ያለውን ይዘው ኖረዋል፤ «ወንበሩ ላይ የተባለ ነገር ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ተጠርጎ ይወጣል» ብሏቸው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው የመምህሩን ማጅራት በብሩሽ አራገፉና ሸኙት።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ በሩ ጨለም አለ። የአስተዳደር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ክብ ፊት ያለው፣ ሲሄድ ሁልጊዜ የዘገየ የሚመስል ሰው። ከኋላው የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ ስልኩን እንደያዘ ገባ። ተማሪዎቹ አንድ ባንድ ተነሥተው ተራቸውን ለቀቁ፤ ምክትሉም «ኧረ ተዉ፣ ኧረ ተዉ» እያለ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «አባት፣ ነገ እንግዳ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። ያሳምሩኝ።» ፀጉሩን ቆረጡለት። ፎረፎር ስለነበረበት በመድኃኒት ሻምፑ አሽተው፣ አረፋው ትንሽ ይቆይ ብለው ተዉትና ወደ ጢሙ ወረዱ።

ሁለቱ ሰዎች ፀጉር አስተካካዩ እንደ ወንበሩ ዕቃ የሆኑ ይመስል በላያቸው ላይ ያወሩ ጀመር። «እንግዳው በሩን ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የደረቀ ገንዳ ነው» አለ ምክትሉ፣ ከንፈሩን አረፋ እንዳይነካው ጠበብ አድርጎ። «ውስጡ ቅጠል ሞልቶት! ባዶ ቤት እኮ ነው የመሰልነው። ይከፈት ባልኩ ቁጥር ‹ላይኛው ዶርም ይደርቃል› ትለኛለች። ለአንድ ቀን!»

«ዛሬማ ከተማ ልኬያታለሁ» አለ የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ። «የፏፏቴው ቁልፍ እሷ ጋ ቢሆንም ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻ አለው፤ አሁን ወርጄ አስከፍተዋለሁ። ሰኞ ደግሞ ዝውውሯ ይነገራታል። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ መጥረጊያ ትጠብቅ።»

ምላጩ ከምክትሉ ማንቁርት በላይ ለአፍታ ቀጥ አለ።

«ምነው አባት?» አለ ምክትሉ በመስታወቱ እያያቸው።

«ምንም ጌታዬ። ቦታው ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ ወጣ። ጋሼ ምላጭ የግራውን ጉንጭ ጨረሱ። እጃቸው ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያውቀው ብቻ ነው የሠራው፤ ልባቸው ግን ከተማ ስብሰባ ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ወንበር ላይ የሚተዋወቁት ፀጉርና ምላጭ ብቻ ናቸው፤ «ልጄ ናት» ቢሉ ምን ይከተላል? ልመና ይመስላል። ዝም ቢሉስ? ልጅን ከመሸጥ ምን ይለያል? ይህን እያወጡና እያወረዱ ምላጩን ሊያጥቡ ቧንቧውን ከፈቱ። ቧንቧው አሳል። ቡናማ ነገር ተፋ፣ አንዴ እንደ ተቆጣ ድመት ፍፍ ብሎ ጸጥ አለ።

ያኔ ከታች ጭብጨባ ተሰማ። ፏፏቴው ተከፍቷል። ጋሼ ምላጭ በሩ ላይ ወጥተው አዩት፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ነጩ ውሃ ሽቅብ ይወነጨፋል፣ ፀሐዩ ውስጥ ይበተናል፣ ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይሯሯጣሉ። ምክትሉም ወንበሩ ላይ እንዳለ አንገቱን አስግጎ «ይኸው! ይኸው እኮ ነው የምለው!» አለ። ደስታው የልጅ ደስታ ነበር፣ ክፋት አልነበረበትም። አንገቱን ሲያስግግ ግን ሻምፑው ከግንባሩ ተንሸራቶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ውሃ! አባት፣ ውሃ!» ጋሼ ምላጭ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረችውን ለብ ያለች ውሃ አፈሰሱለት፤ ለሁለቱ ዓይኖች እንኳ በጭንቅ በቃች። «ሌላስ?» «ሌላ የለም ጌታዬ። ወደ ታች ወርዷል።»

ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ወረደ። የላይኛው ዶርም ሴቶች ናቸው። ለነገው ምረቃ ፀጉራቸውን ሲታጠቡ ነው ውሃው የሄደባቸው፤ ግማሾቹ ፎጣ ጠምጥመዋል፣ ግማሾቹ አረፋቸውን እንደተሸከሙ ባልዲና ጀሪካን ይዘው እየተንጫጩ ወደ ፏፏቴው ቁልቁል ይተማሉ። ምክትሉ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሽርጡ አንገቱ ላይ እንደታሰረ በሩ ላይ ቆመ። ግራ ጉንጩ እንደ እንቁላል ጠርቷል፣ ቀኝ ጉንጩ ጢምና አረፋ ነው። ዓይኑ ሲያቃጥለው ጊዜ ክብሩን ረስቶ አብሯቸው ወረደ። ጋሼ ምላጭም ፎጣ ይዘው ተከተሉት፤ ደንበኛ በአረፋ አይጣልም።

ፏፏቴው ዙሪያ የገበያ ቀን መሰለ። ሴቶቹ ገንዳው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብለው አንዷ ባንዷ ራስ ላይ ታፈሳለች፤ አረፋው ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል። አንዲት ጠይም ልጅ በፕላስቲክ ኩባያ ጓደኛዋን ስታለቀልቅ ምክትሉን አየችው፤ በዚያ መልኩ እናቱም አትለየው።

«ውይ አባባ! እርስዎንም ሳሙና ላይ ጥሎዎት ሄደ? ይምጡ፣ ጎንበስ ይበሉ!»

ጎንበስ አለ። ምን ያድርግ? ልጅቱ በአንድ እጇ እያፈሰሰች በሌላው እንደ ልጅ ራሱን ታሽለት ጀመር፣ አፏም አላረፈም። «እትዬ ዝጉት ብትኖር ይሄ ጉድ አይመጣም ነበር። እሷ ሳትመጣ በፊት እኛ እኮ ከሰዓት ውሃ የሚባል አናውቅም፤ ባልዲ ተሸክመን ያንን ሁሉ ደረጃ! ታች ያሉት ወንዶች ያሟታል፣ ምን ቸገራቸው፣ ውሃ ሁልጊዜ እነሱ ጋ ነው። ምክትሉ ነው አሉ ከተማ ልኮ ያስከፈተው። ነገ እሱ ሽቶ ተቀብቶ ሲቀመጥ እኛ በሳሙና ፀጉር ጋውን እንልበስ?»

«ማን... ማን ነው ያለሽ?» አለ ምክትሉ ከአረፋው ሥር።

«ግቢው ሁሉ ያውቃል አባባ። ቀና አይበሉ እንጂ፣ ከጆሮዎ ኋላ አልለቀቀም!»

ጋሼ ምላጭ ፎጣውን ዘርግተው ተቀበሉት። ሳቃቸው እስከ ጉሮሯቸው መጥቶ ነበር፣ ግን የሰውየው ጆሮ ቲማቲም መስሎ ሲያዩት አዘኑለት። በዚያው ቅጽበት የምክትሉ ስልክ ጮኸ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ውሃ የለውም፤ ለነገው እንግዳ የሚሠራው ሁሉ ምድጃ ላይ ቆሟል። ምክትሉ ፎጣውን ቀኝ ጉንጩ ላይ ይዞ፣ ከነሽርጡ ወደ ምግብ ቤቱ ሮጠ።

ልጃቸው የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የዶርሙ ተቆጣጣሪ ደውላላት ስብሰባውን ጥላ፣ በታክሲ። ማንንም ሰላም አላለችም። ጫማዋን አውልቃ ገንዳው አጠገብ ወዳለው የቫልቭ ጉድጓድ ወረደችና «መፍቻ!» አለች። ቧንቧ ሠራተኛው መሬት መሬት እያየ አቀበላት። ፏፏቴው ቀስ ብሎ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ መጣና ተቀመጠ። ጭቃ በጭቃ ሆና ስትወጣ ጭብጨባም ስድብም አልነበረም፤ ሁሉም አፏን ነው የሚያየው። «የጉድጓዱን ፓምፕ ስመጣ አጥፍቼዋለሁ» አለች። «ከሚገባው በላይ ስቦ ጉድጓዱ ደፍርሷል፤ እስኪጠራ ይረፍ። ፀጉር ያልጨረሳችሁ ከላይብረሪው ጀርባ የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ፣ ከዚያ ቅዱ። ለመጠጥ አይደለም፣ ለፀጉር ነው! ለምግብ ቤቱ የታችኛውን ታንከር እከፍትላቸዋለሁ።» ከዚያ አባቷን ከሰዉ መሀል አየቻቸው። «አባዬ፣ በዚህ ፀሐይ ባርኔጣ ሳታደርግ?» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አመሻሽ ላይ ቤት ገባች። ጋሼ ምላጭ ካልሲዋን ተቀብለው ሳፋው ውስጥ ነከሩላት፤ ዳቦና እንቁላል አቀረቡላት።  ሥራውን ያስተማራቸው ሰው ቃል አንድ ቀን የሚሰበር ከሆነ ዛሬ ነው ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ወንበሬ ላይ የሰማሁት ነገር አለ። ሰኞ...»

«ወደ ግምጃ ቤት» አለች።

ጉርሻቸው አፋቸው ውስጥ ቆመ። «ታውቂያለሽ?»

«ከሳምንት በፊት ነው የሰማሁት። ደም ግፊትህ ይነሣብኛል ብዬ ነው ያልነገርኩህ። አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝከው?»

«ከዛሬ ቀትር። እኔም የአንቺን ሐዘን ፈርቼ ነው።» ተያዩ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው አንዱ ላንዱ ሲያዝን እርስ በርስ መደባበቃቸው ነው። እጇን ዘርግታ የተሸበሸበውን እጃቸውን ያዘች።

በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ተነሥታ ከፈተች። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ግራ ጉንጩ የጠራ፣ ቀኝ ጉንጩ ጢም፣ የታጠፈውን ሽርጥ በእጁ ይዞ። «ይቅርታ፣ የፀጉር አስተካካዩን ቤት...» ብሎ ጀመረ። እሷን አየ፣ ከኋላዋ አዛውንቱን አየ፣ አፍንጫቸውን ከአፍንጫዋ አስተያየ። እየቆየ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀትር ላይ ምላጩ ለምን ቀጥ እንዳለ አሁን ነው የተረዳው። ማንቁርቱን በእጁ ዳበሰ።

«ይግቡ ጌታዬ፣ ደጅ አይቁሙ» አሉ ጋሼ ምላጭ። «ግማሽ ሰው ላክሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሲያሳስበኝ ነው የዋለው። እናቴ፣ እስቲ ያቺን የተረፈች ሙቅ ውሃ አምጪልኝ።»

ወንበር ከመብራቱ ሥር አድርገው አስቀመጡት፤ አረፋውን መትተው ቀኝ ጉንጩን ቀቡት። ልጅቱ የውሃውን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ አጠገባቸው ቆመች። ምክትሉ «ስለ ዛሬው... እኔ እኮ...» ሲል «አይናገሩ ጌታዬ፣ ምላጭ ላይ ነዎት» አሉት። አፉን ገጠመ። ከዚያ ጋሼ ምላጭ ልጃቸውን በቅንድባቸው ጠቀሷት።

ተናገረች። መጀመሪያ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ቢሮው ስትገባ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ የሚያቋርጣት ሰው አሁን በዓይኑ ብቻ ነው የሚሰማት። ፏፏቴውን እንደማትጠላው ነገረችው። የዋናው ሕንጻ ጣራ በክረምት የሚያወርደው ውሃ ዝም ብሎ ወደ ቦይ እንደሚገባ፣ እሱን አጠራቅሞ በትንሽ ፓምፕ እዚያው ገንዳ ውስጥ እንዲዞር ቢደረግ ፏፏቴው ከማንም ኩባያ ሳይነጥቅ ዓመቱን ሙሉ ሊፈስ እንደሚችል፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ ልትነግረው ሞክራ እንዳልሰማት። ከጉድጓዱ በላይ ያለው መሬት እንዲሁ መሬት እንዳልሆነ፣ የጉድጓዱ ክዳን እንደሆነ፣ እዚያ የሚፈስ ዘይትና ሳሙና ሁሉ መጨረሻው የልጆቹ ሆድ እንደሆነ። ስለ ላይኛው ዶርም ሴቶችም ነገረችው፤ ስለነሱ ግን ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ «እም» አለ፣ ያውቃል እንደማለት። ጋሼ ምላጭ ምላጩን ነከር አድርገው ደግሞ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ።

«ጨረስሽ እናቴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨረስኩ።»

ያኔ ምላጩን አስቀምጠው የሰውየውን ፊት በፎጣ አደረቁት። ምክትሉ ከወንበሩ ተነሣ። «ነገ እንግዳው ደረቅ ገንዳ ሊያይ ነው እንግዲህ» አለ። «አበባ በየማሰሮው እንደረድርበታለን» አለችው። «የግምጃ ቤቱን ነገር... አልሰማሽም እንበል?» «ሰምቻለሁ።» «እንግዲያው እርሺው። ሰኞ የጣራውን ነገር ይዘሽ ነይ፤ አላቋርጥሽም።» በሩ ላይ ደርሶ ዞረና ለአዛውንቱ እጅ ነሣ፤ ጉንጩን እየዳበሰ በጨለማው ወረደ።

ልጅቱ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ፊቷ ላይ መጣ።

«አባዬ፣ አንድ ጉንጭ ለመላጨት ይሄ ሁሉ ጊዜ? ስንቴ ነው የተመላለስክበት?»

ጋሼ ምላጭ ብሩሻቸውን እያራገፉ፣ «ጢሙማ ገና ከጅምሩ አልቆ ነበር» አሉ፤ «አንቺ ነሽ ያልጨረስሽው።»